ዳሌዎ ቢበላም አይቀመጡ፤ ጦሳን ግን ለጊዜው ይተዉት

ጥያቄ፦ «የ51 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደሴ ውስጥ መምህርት ነኝ። ከ9 ዓመት በፊት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ግራ ጭኔ ተሰበረ፤ በኦፕሬሽን ብረት ገባልኝ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ግን እግሬ ትንሽ አጥሯል፤ አነክሳለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ብሽሽቴን ይወጋኛል፤ ካልሲ ማድረግ አቅቶኛል፤ ሱጁድ ስወርድ ይይዘኛል። ራጅ ተነሥቼ ‹የዳሌሽ መገጣጠሚያ ተበልቷል፤ ስፖርት ሥሪ› ተባልኩ፤ ምን ዓይነት ስፖርት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ወጌሻ ደግሞ ‹ፈሳሹ ደርቋል፤ ብርድ ገብቶበታል፤ እግርሽን አታንቀሳቅሺ› ብሎ ጎትቶ አሸኝ። ጓደኞቼ እሑድ እሑድ ጦሳ ተራራ ይወጣሉ፤ አብሬ ወጥቼ ሦስት ቀን ተኛሁ። ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፤ ሲብስብኝ ፕሬድኒሶሎን ገዝቼ እጨምራለሁ። ስፖርት ልሥራ ወይስ ልረፍ? ብረቱስ ይውጣ?»

ምላሽ፦

ይሥሩ። ጦሳን ግን ለጊዜው ይተዉት። ፕሬድኒሶሎኑን ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳግም አይግዙ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ «ፈሳሹ ደርቋል» የሚለውን እናስተካክል። እዚህ ወሎ ውስጥ ዳሌና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህንን ይዘው ነው የሚመጡት። መገጣጠሚያ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩ እውነት ነው። በዚህ በሽታ ግን ፈሳሹ አያልቅም፤ እንዲያውም የተቆጣ መገጣጠሚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከወትሮው ይበዛል። የተጎዳው ሌላ ነገር ነው። የጭን አጥንት ራስና እሱ የሚገባበት የዳሌ ጉድጓድ በልስልስ አጥንት የተለበጡ ናቸው፤ ካርቲሌጅ ይባላል። የእርስዎ የሳሳው ይኼ ልባጭ ነው። ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር የለውም። የሚመገበው ከዚያው ፈሳሽ ነው፤ ምግቡ የሚደርሰውም መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ፣ ጫና ሲያርፍበትና መልሶ ሲለቀው ነው። እግርዎን ባላንቀሳቀሱ ቁጥር የተረፈውን ካርቲሌጅ እያስራቡት ነው ማለት ነው። ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎችም ይሟሽሻሉ። ጡንቻው ሲደክም ጫናው ሁሉ አጥንቱ ላይ ያርፋል።

ብርድም መገጣጠሚያ አይበላም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳር ጠዋት ጡንቻን ያኮማትራል፤ ሕመሙም የባሰ ይሰማል። ኮምቦልቻ ወርደው ሲያድሩ ቀለል የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ አልዋሹም። ቆላ መውረድ ግን ራጅዎ ላይ የታየውን አይለውጠውም። ጠዋት ሙቅ ውሃ በላስቲክ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው ብሽሽትዎ ላይ 15 ደቂቃ ቢያደርጉ ያፍታታል። ለእንቅስቃሴ ያዘጋጅዎታል እንጂ እንቅስቃሴን አይተካም። ፍል ውሃም እንደዚያው።

አጥንቱ ከገጠመ ከስንት ዓመት በኋላ አሁን ለምን? በእንዲህ ዓይነት ግጭት ጉልበት ከፊት ካለው ብረት ጋር ይላተማል። ኃይሉ ጭን አጥንቱን ሲሰብር በዚያው መስመር ወደ ዳሌም ይዘልቃል። ካርቲሌጁ ያኔ የተቀበለው ምት በራጅ አይታይም፤ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚገለጠው። ሌላው፣ የተሰበረ ጭን ሲገጥም ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዞሮ ሊገጥም ይችላል፤ ያኔ የአጥንቱ ራስ ጉድጓዱን የሚነካበት ቦታ ይቀየራል። ሦስተኛው እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው ነው። ብረቱ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዳሌ ጎን በኩል ነው። እዚያ ያለው ጡንቻ ከኦፕሬሽኑ በኋላ በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። በጊዜው ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚደረግ ሕክምና) አግኝተው ቢሆን ኖሮ ማነከስዎ በዚህ መጠን ላይሆን ይችል ነበር። አልረፈደም፤ ጡንቻ በ51 ዓመትም ይጠነክራል።

አንድ ነገር በደንብ ገልጸዋል፤ ሕመሙ ብሽሽትዎ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ዳሌዬን» ብሎ መቀመጫውን ወይም ጎኑን ነው የሚያሳየኝ። መቀመጫ ላይ የሚጀምርና እስከ ባት የሚወርድ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከወገብ ነው። የራሱ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ብሽሽት ላይና ከጭን ፊት ለፊት ይሰማል፤ አንዳንዴ ጉልበት ድረስ ይወርዳል። ጉልበቱን ሲታሽ ከርሞ ችግሩ ዳሌው ላይ የተገኘበት ሰው ብርቅ አይደለም። ካልሲ ማድረግ ማቃትዎም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ራጁ ላይ «ተበልቷል» መባሉ ደግሞ ያን ያህል አያስደንግጥዎ። የራጅ ምስልና የሕመም መጠን እኩል አይሄዱም። ራጁ ክፉ የሆነ ሰው ገበያ ውሎ ይገባል፤ ራጁ ቀላል የሆነው ደግሞ ሌሊት አይተኛም። ስፖርቱን የምንመጥነው በሕመሙና በሚችሉት እንቅስቃሴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስንራመድ በየእርምጃው ለአፍታ በአንድ እግር እንቆማለን። በዚያች ቅጽበት የዳሌ መገጣጠሚያ የሚሸከመው ከጠቅላላ የሰውነት ክብደት 2 ተኩል እስከ 3 እጥፍ ነው። ለምን ከክብደታችን በላይ ሆነ? ጭነቱ በአንድ ወገን ብቻ የሆነ አህያ አይተዋል፤ ጭነቱ እንዳይገለበጥ አንድ ሰው በሌላኛው ወገን ተንጠልጥሎ መጎተት አለበት። የአህያዋ ጀርባ ያን ጊዜ ጭነቱንም ጎታቹንም ይሸከማል። ዳሌ ላይ ጎታቹ በጎን ያለው የመቀመጫ ጡንቻ ነው። እሱ ሲደክም ሰውነትዎ ወደ ታመመው ወገን ዘንበል እያለ ይሄዳል። ማነከስዎ ማለት ይኼ ነው፤ የእግሩ ማጠር ብቻውን አይደለም።

ዳሌያቸው ውስጥ መለኪያ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በገባላቸው ሰዎች ላይ ጫናው በቀጥታ ተለክቷል። ሩጫ ከእርምጃ ይበልጣል። ሁሉንም የበለጠው ግን መደናቀፍ ነው፤ ከሰውነት ክብደት ከ7 እጥፍ በላይ ደርሷል። ጦሳ ላይ ምን እንደሆኑ ከዚህ ይረዱታል። አቀበቱ ዳሌዎን ከሚችለው በላይ ያጥፈዋል። ቁልቁለቱ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ያደናቅፋል። የሦስት ቀኑ መተኛት የስፖርት ጉዳት ምልክት አይደለም፤ መጠኑ መሳቱን ነው የሚናገረው። ከዚያ ተነሥተው «ስፖርት አይስማማኝም» እንዳይሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያንን የጎን ጡንቻ ያጠንክሩ። መስተዋት ፊት ይቁሙ። ሻሽ ወይም ነጠላ ዳሌዎ ላይ ዙሪያውን አስተካክለው ይሰሩ። በአንድ ጣት ግድግዳ ነክተው ጤነኛውን ቀኝ እግርዎን ከመሬት ያንሡ። ሻሹ በቀኝ በኩል ወደ ታች ካዘነበለ የግራው ጡንቻ ደክሟል ማለት ነው። ይህንን አሁን ያዩትን በስልክዎ ያንሡት፤ ከሦስት ወር በኋላ ያነጻጽሩታል።

ለእርስዎ የምመርጠው ዋናው እንቅስቃሴ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን አብዛኛው ሰው ተሳስቶ ነው የሚሠራው። በቀኝ ጎንዎ ምንጣፍ ላይ ይተኙ፤ ጀርባዎና ተረከዝዎ ግድግዳ ይንኩ። የታችኛውን ጉልበት ያጥፉ። የላይኛውን እግር ቀጥ አድርገው ተረከዝዎን በግድግዳው ላይ እያንሸራተቱ ሁለት ስንዝር ያህል ያንሡ፤ 3 ሰከንድ ይያዙ፤ ቀስ ብለው ይመልሱ። ጣቶችዎ ወደ ፊት ይዩ። ወደ ጣሪያ ካዩ የሚሠራው የፊቱ ጡንቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ እኛ ጥሪም ሥራ የበዛበት ነው። ግድግዳው የተፈለገው ወደ ኋላ እንዳይንከባለሉ ነው። በትክክል ከሠሩ የሚደክምዎት ከዳሌ አጥንት ጎን፣ የሱሪ ኪስ ከሚሆንበት ትንሽ ከኋላ ነው። ብሽሽትዎን ካመመዎ ከፍታውን ይቀንሱ። በጎን መተኛት ካልቻሉ የወንበር መደገፊያ ይዘው ቆመው እግርዎን ወደ ጎን ያውጡ። ቆመው ሲሠሩ በሁለቱም እግር ይሥሩት፤ ቀኙ ሲነሣ ግራው እየቆመ ይሠራልና።

ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት ነው። ወገብዎን አይለጥጡ፤ መቀመጫዎን ጨምቀው 5 ሰከንድ ይቆዩ። ሦስተኛው ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ወንበሩ ከጉልበትዎ ከፍ ይበል፤ ዝቅ ያለ ከሆነ የታጠፈ ጋቢ ያንጥፉበት። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው በዝግታ ይነሡ፣ በበለጠ ዝግታ ይቀመጡ። ሳያውቁት ቀኝ እግርዎ ላይ መደገፍዎ አይቀርም፤ ቤት ያለ ሰው ከፊት ሆኖ ይይልዎ። አራተኛው እንዲያውም ሥራ የለውም፤ ማታ ፍራሽ ላይ በሆድዎ 5 ደቂቃ መተኛት ነው። ዳሌው ተኮራምቶ እንዳይቀር ቀጥ ያደርገዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እያንዳንዳቸውን ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ በሁለት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይጀምሩ። ሲቀልልዎት ወደ ሦስት ዙር ይሂዱ። ቁርጭምጭሚት ላይ አሸዋ የሞላ ትንሽ ከረጢት ማሰር ይቻላል፤ ግን ከአንድ ወር በፊት አይሞክሩት። የምጠይቅዎ 12 ሳምንት ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ምንም የለውም» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ጡንቻ በ14 ቀን አይሠራም።

በየቀኑ ደግሞ ይራመዱ። ደልዳላ ቦታ ላይ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ አውቃለሁ። የትምህርት ቤትዎ ሜዳ ይበቃል፤ ጠዋት ተማሪ ሳይገባ ይዙሩት። ገራዶ ሜዳ ከወረዱ በባጃጅ ወርደው በባጃጅ ይመለሱ፤ ስፖርቱ ሜዳው ላይ ያለው ነው። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ዳሌዎ ከፈቀደ። ጂም የሚገቡ ከሆነ የሚቀመጡበትን ብስክሌት ይምረጡ። ኮርቻውን ከፍ ያድርጉት፤ ጉልበትዎ ወደ ደረትዎ እንዳይመጣ። እግር የሚገፋበትን ከባድ ማሽን፣ ገመድ ዝላይን፣ ወለል ድረስ ቁጢጥ ማለትን ይዝለሏቸው። ዋና ጥሩ ነው፤ ውሃ ክብደቱን ይሸከምልዎታል። ደሴ አጠገብ ሐይቅ ከተማ ያለው ሐይቅ ግን አይግቡ፤ አካባቢው ቢልሃርዚያ አለበት። አንዱን ሳናድን ሌላ እንዳንጨምር።

ስንት ሕመም ይፈቀዳል? ጨርሶ ሳያም ስፖርት መሥራት አይቻል ይሆናል፤ ይህ የተለመደ ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይስጡት። እስከ 3 ከሆነ ይቀጥሉ። 4 እና 5 ከሆነ ይቀጥሉ፤ ግን ማግስቱን ጠዋት ይጠብቁ። ጠዋት ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ልክ ነበር። ከትናንቱ ብሶ ካደረ በሚቀጥለው ቀን ግማሹን ብቻ ይሥሩ፤ አያቋርጡት። ከ5 ካለፈ እዚያው ያቁሙ። ሐኪምም ፊዚዮቴራፒስትም ቤትዎ ድረስ መጥቶ ሊመዝንልዎ አይችልም፤ የማግስቱ ጠዋት ግን ይመዝንልዎታል።

ቀኑን ሙሉ ዳሌዎን የሚጎዳው ወይም የሚጠቅመው ግን ከስፖርቱ ውጭ ያለው ነው። ምርኩዝ ይያዙ። «ተማሪ ፊት እንዴት?» ይሉኝ ይሆናል፤ ከምርኩዝ ይልቅ ማነከስዎ ነው የሚታየው። የሚይዙት በጤነኛው ወገን፣ ማለትም በቀኝ እጅዎ ነው። በታመመው በኩል የሚይዝ ሰው በየመንገዱ አያለሁ፤ ጥቅሙን በአብዛኛው ያጣዋል። ቁመቱ እጅዎ ወደ ታች ተዘርግቶ የእጅ አንጓዎ ላይ ይድረስ። ዘንቢል ወይም ጀሪካን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በታመመው በግራ እጅ ይያዙ። ግር ይላል፤ ግን ዕቃው በጤነኛው እጅ ሲሆን የግራው ጡንቻ እሱንም አብሮ መጎተት አለበት፤ በግራ ሲሆን ግን ያግዘዋል። ምርኩዝ በቀኝ፣ ዘንቢል በግራ። 20 ሊትሩን ጀሪካን ግን በየትኛውም እጅ አይያዙት።

ደረጃ ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። አቀበት ሲገጥምዎ እርምጃዎን ያሳጥሩ። ቡና ሲያፈሉ ዱካ ላይ አይቀመጡ፤ ከፍ ያለ ወንበርና ከፍ ያለ ረከቦት ይሁን። ክብደት ካለብዎት ጥቂት ኪሎ መቀነስ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል፤ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ዳሌዎ በየእርምጃው የሚገላገለው ከአንድ ኪሎ በላይ ነው።

ስለ እግርዎ ማጠር። መጠኑን አልነገሩኝም፤ አልተለካም መሰለኝ። ባዶ እግርዎን ቆመው በአጭሩ እግር ሥር ደብተር በደብተር ላይ እየጨመሩ ሻሹ ሲስተካከል ውፍረቱን ይለኩ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ አይነካም። 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ጫማው መስተካከል አለበት፤ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ግማሹን ያስጀምሩ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ጫማ ውስጥ ማስገባት ተረከዝን ያወጣል፤ ጫማ ሠሪ ከሥር ሶል ይጨምርልዎ። ጥንቃቄ ግን አለው። አልንቀሳቀስ ያለ ዳሌ ጭንን ወደ ውስጥ ስቦ ይይዝና እግሩ ሳያጥር ያጠረ ያስመስለዋል። እንደዚያ ሆኖ ሶል ካስጨመሩ ነገሩን ያባብሱታል። ስለዚህ ጫማ ሠሪ ጋ ከመሄድዎ በፊት ተኝተው በሜትር ያስለኩ፤ ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ነው የሚለካው። ለፊዚዮቴራፒስት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ወጌሻዎችን አልንቅም። ውልቃትና ወለምታ ላይ እጃቸው የሰላ ሰዎች አሉ፤ ጡንቻን በቅባት ማሸትም ያፍታታል። የተበላ ዳሌን መጎተትና መጠምዘዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውስጡ ብረት ላለው እግር ጭራሽ አይታሰብም። መታሸቱን ከወደዱት ጭንዎንና መቀመጫዎን ይታሹ። «እገጥመዋለሁ» ያለዎት ቀን ተነሥተው ይሂዱ፤ የሚገጠም የወጣ ነገር የለም።

መድኃኒቱ። ዳይክሎፌናክ ለአጭር ጊዜ ይረዳል። በየቀኑ ለወራት ሲወሰድ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ ሳይጠይቁ አይንኩት። በቅባት መልክ ያለው ለጉልበት ይረዳል፤ ዳሌ ግን ጥልቅ ስለሆነ ብዙም አይደርስበትም። ስቴሮይድ የሚባሉት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ናቸው ያሳሰቡኝ። ስሜታቸው ያታልላል፤ ወስደው ያደሩ ቀን የዳኑ ይመስልዎታል። ነገር ግን ብዙ ሲወሰዱ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም ሊያቋርጡና አጥንቱ ሊሞት ይችላል፤ ከዚያ ይደረመሳል። ለዳሌ ሕመም ተብሎ የተወሰደው ዳሌውን ይጨርሰዋል ማለት ነው። አጥንትን ያሳሳሉ፤ ስኳርን ይጨምራሉ፤ ኢንፌክሽንንም ይደብቃሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተከታታይ በየቀኑ ለሳምንታት ወስደው ከሆነ በድንገት አያቋርጡ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንስዎ።

አንዳንድ ምልክት ካለ ግን ስፖርቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይቅደም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ የአጥንት ቲቢ መታሰብ አለበት፤ ዳሌ ቲቢ ከሚወዳቸው መገጣጠሚያዎች አንዱ ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ከሆነ ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴላ የሚባል ኢንፌክሽንም ይመረመራል። የኦፕሬሽኑ ጠባሳ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ብረቱ ላይ ኢንፌክሽን ይኖር ይሆናል። በአንድ ቀን ውስጥ እግርዎን መርገጥ ካቃተዎት፣ ወይም ባትዎ በአንድ ወገን አብጦ ከሞቀ ሳያድር ይታዩ። ተኝተውም የሚቀሰቅስዎ ሕመም ካለ ለሐኪሙ ለይተው ይንገሩት።

ብረቱስ? ካላስቸገረ ይቀመጥ። የገጠመ አጥንት ውስጥ ያለ ብረት በራሱ መገጣጠሚያ አይበላም። ማውጣት ራሱን የቻለ ኦፕሬሽን ነው፤ ከወጣ በኋላም አጥንቱ ለተወሰነ ጊዜ ደካማ ነው። የሚወጣው የላይኛው ጫፉ ጡንቻ እየወጋ ከሆነ፣ ከላላ፣ ኢንፌክሽን ከያዘው፣ ወይም ለወደፊቱ ዳሌ የሚቀየር ከሆነ ነው። ራጅዎ ስንት ጊዜው እንደሆነ አላውቅም፤ አዲሱ ራጅ ዳሌውን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጭኑን ከነብረቱ ያሳይ። ሐኪሙ ስብራቱ ዞሮ ገጥሞ እንደሆነና የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ እንደሆነም እንዲያይ ይጠይቁት፤ ፕሬድኒሶሎን መውሰድዎን አይደብቁ።

ስፖርት የሳሳውን ካርቲሌጅ መልሶ አያበቅልም። የግሉኮሳሚን እንክብልም አያበቅልም፤ ገንዘብዎን ይያዙ። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋው መርፌ ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ያስታግሳል፤ ዳሌ ላይ ግን በምስል እየታየ ነው መወጋት ያለበት፤ አይደጋገምም። 12ቱን ሳምንት በሐቅ ሠርተው ሌሊት መተኛት ካልቻሉ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት መሄድ ካቃተዎት፣ መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ ስለ መቀየር ከአጥንት ሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ዘመናዊው ዓይነት እንግሊዝ አገር ከተጀመረ ከ1962 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ አብዛኞቹ 15 እና 20 ዓመት ያገለግላሉ። በ51 ዓመት ማስቀየር ግን ኋላ ሌላ ኦፕሬሽን የመፈለግ ዕድሉን ይጨምራል። የእርስዎ ደግሞ መጀመሪያ ብረቱ መውጣት ስላለበት ከተራው ይከብዳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ጡንቻው ላይ የምጫነው። ኋላ ኦፕሬሽን ቢደረግም ጠንክሮ የገባ ጡንቻ ቶሎ ያስነሣል፤ ልፋቱ በከንቱ አይቀርም።

ስለዚህ የኔ ምክር የማያሻማ ነው፤ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ወስደው የአጥንት ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት ያግኙ፤ ሁለቱም ደሴ ላይ አሉ። እግርዎን ያስለኩ። ምልክቶቹ ከሌሉ እንቅስቃሴውን በዚያው ሳምንት ይጀምሩ። ጓደኞችዎን ደግሞ ጦሳ ሲወጡ ይሸኟቸው፤ ሲመለሱ ቁርስ ላይ ያገኟቸዋል።

ስለ ሱጁድ ያነሱት አለ። ሱጁድ ዳሌን አጥብቆ ያጥፋል፤ ከዚያ ተነሥቶ መቀመጡ ደግሞ ይጠመዝዘዋል። ቆሞ ወይም ወርዶ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ መስገዱ የታወቀ ነው፤ ወንበር ይጠቀሙ፤ ዝርዝሩን የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። ክርስቲያን አንባቢም ካለ ለስግደት ይኸው ነው። ረመዳን ሲመጣ እንቅስቃሴውን ከኢፍጧር በኋላ፣ ምግቡ ትንሽ ከወረደ ወዲያ ያድርጉት። ማስታገሻም መውሰድ ካለብዎ በባዶ ሆድ አይሁን፤ ከኢፍጧር ወይም ከሱሁር ጋር ይሁን።